አያቴ የረታው ወሰን

አያቴ ለሙግት ብቻ የሚለብሳት ኩታ ነበረችው። ለቤተ ክርስቲያን አይለብሳትም፣ ለሰርግም አይለብሳትም፤ ከሳጥን የምትወጣው ዳኛ ፊት ሊቆም ሲሄድ ነው። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ግን ኩታዋ ስትወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ደርግ መሬት የሕዝብ ነው ብሎ ባወጀ ጊዜ የመሬት ክርክር ሁሉ ተሰርዟል ተባለና የአያቴም ሙግት በዚያው ቀረ። አልረታም፤ አልተረታም። ነገሩ በተነሣ ቁጥር "የጎረስሁትን ከአፌ አወጡብኝ" ይል ነበር።

ይህን መጻፍ የጀመርሁት የአማርኛ መምህራችን "ስለ ተወለዳችሁበት አካባቢ አስተዳደር ታሪክ ጻፉ" ብለውን ነው። የክፍሌ ልጆች የከተማ ልጆች ስለሆኑ ስለ ግንቡና ስለ ነገሥታቱ ጻፉ። እኔ ስለ ምርጫ ክልላችን ግማሽ ገጽ ጽፌ ሰጠሁ። መምህሩ ከግርጌው በቀይ "ይህ ገና መግቢያው ነው፤ ቀሪው የታለ?" ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያዙኝ ልቀቁኝ ነው የምለው! ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ አክስቴ በተከራየቻት ክፍል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ። ብቻዬን ስስቅ የምታየኝ አክስቴ "ይችን ልጅ ምን ነካት?" ትላለች። ቃል ሲታዘዝልኝ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤም አላውቅ። የሚያሳዝነኝ የታዘዘልኝ ለዚህ ታሪክ መሆኑ ነው።

አገራችን ከኮሶዬ አለፍ ብሎ ነው። የደባርቅን መንገድ ትተው ወደ ገደሉ አፋፍ ሲሄዱ መጀመሪያ ወንዝ አለ። ከወንዙ ወዲህ ጨፌ፣ ከጨፌው በላይ የኛ መንደር፣ ከመንደሩ ጀርባ ጋራው። ከጋራው ወዲያ መሬቱ ይሰበርና ቁልቁል ወደ ቆላ ይወርዳል። ወንዝ፣ ጨፌ፣ መንደር፣ ጋራ፤ ይህን ያዙልኝ። የሆነው ሁሉ የሆነው በነዚህ መሐል ነው። ማኪና የሚያልፍበት መንገድም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ገበያውም ያሉት ከወንዙ ማዶ ነው። በበጋ ድንጋይ ረግጠን እንሻገራለን። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይዘጋብናል፤ እስከ መስከረም ድረስ ማዶን ማየት እንጂ መድረስ የለም።

የምርጫውን ታሪክ አያቴ እንዲህ ያወራዋል። በንጉሡ ጊዜ ለፓርላማ እንደራሴ ምረጡ ተባለ። ክልሉ ሰፊ ስለነበር አያቴ ድምፁን ለመስጠት ስንቅ ቋጥሮ ሄደ። የተመረጠው ሰውዬ በበቅሎ መጣ፤ ወንዙን አየና "ድልድይ አሠራላችኋለሁ" ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ምርጫ ክልሉ ተቆርጦ ከሌላ አገር ጋር ተቀጠልን። አዲሱም ሰውዬ መጣ፤ የፊተኛውን ሳያውቅ ያንኑ ወንዝ አይቶ ያንኑ ድልድይ ቃል ገባ። ከዚያ ደግሞ ተቆረጥን፣ ደግሞ ተቀጠልን። የመጨረሻው እንደራሴ ወንዙንም አላየው፤ ከመንገዱ ላይ ማኪና ውስጥ ሆኖ እጁን አወዛወዘልን ይላል አያቴ። ኋላ ንጉሡ ወረዱ፣ ፓርላማው ተዘጋ፣ የምርጫ ክልል የሚባለውም ተረሳ።

"አንድ ነገር ልብ በይ" ይለኝ ነበር አውርቶ ሲያበቃ። "ይህ ሁሉ ሲሆን 'እናንተስ ከማን ጋር መሆን ትወዳላችሁ' ያለን የለም። እንደ ቅርጫ ሥጋ ነው የመደቡን።"

የአያቴ ሙግት ደግሞ ከማዶው ሽማግሌ ጋር ነበር። የማዶው ሽማግሌ የምለው ከወንዙ ወዲያ፣ ልክ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖረውን ረጅሙን ሰውዬ ነው። የነገሩ መነሻ ጨፌው ነው። እሱ "ጨፌው የአባቴ ነው፤ ወሰናችን ጋራው ነው" ይላል። አያቴ "የለም፣ ወሰኑ ወንዙ ነው" ይላል። ሁለቱም በዚህ ነገር አረጁ። ቀጠሮ ሲደርስ አብረው ጎንደር ይወርዳሉ፣ መንገድ ላይ ስንቃቸውን አብረው ይበላሉ፣ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ይዘላለፋሉ፣ ሲመለሱ ደግሞ አንዱ ያንዱን ዱላ ይዞለት ዳገቱን ይወጣሉ። ሙግቱ የተሰረዘ ጊዜ ሁለቱም ታመሙበት፤ ተኝተው ከረሙ ነው የሚባለው።

እህቴ የእኔ ታላቅ ናት። የምተርከው ነገር በሆነበት ዓመት ሦስተኛ እርግዝናዋን ይዛ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በምጥ ብዛት አጥታቸዋለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "ሦስተኛውን ጎንደር ሆስፒታል ካልወለድሽ ለራስሽም አትተርፊም" ብላታለች። ባሏ ከጥምቀት በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። እሷም ወደኛ ቤት መጣች። መውለጃዋ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ማለት እንግዲህ ወንዙ እስከ አፍ ገደፉ የሞላበት ማለት ነው።

ደግነቱ በዚያ ዓመት ብሔራዊ ሸንጎ ሊመረጥ ነበር። በማዶ በኩል ይወዳደራሉ የተባሉት ሰውዬ ድልድዩን በወሬ አላስቀሩትም፤ የምራቸውን ብረትና የባሕር ዛፍ ግንድ በካሚዮን አስመጥተው ከወንዙ ማዶ አስከመሩ። ከፋሲካ በኋላ ወዲህም ወዲያም ያለው ገበሬ በዘመቻ ወጥቶ ይሠራዋል ተባለ። እህቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ እንስራዋን ታስቀምጥና ድንጋዩን ረግጣ ትሻገራለች። ብረቱን በመዳፏ ትዳስሰዋለች።

"ምን ታደርጊዋለሽ?" አልኋት አንድ ቀን፣ ለፋሲካ ከትምህርት ቤት መጥቼ ሳለሁ።

"ይሞቃል" አለችኝ። "ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል። ነይ ንኪው። እኔና ልጄ በዚህ ላይ ነው የምንሻገር።"

የዳግም ትንሣኤ ማግስት ከጎንደር አንድ ሹም መጣ። ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሷል፣ ትልቅ ቦርሳ አንግቷል። ስብሰባው ጨፌው ላይ ሆነ፤ የማዶውም ሰው ተሻግሮ መጣ። ሹሙ ከቦርሳው ካርታ አወጣና ሣሩ ላይ ዘረጋው፤ ነፋስ እንዳይወስደው በየማዕዘኑ ድንጋይ ጫነበት።

"ጓዶች" አለ፣ "የምርጫ ክልላችሁን ልናሳውቃችሁ ነው። በረቂቁ መሠረት ወሰኑ በዚህ በጋራው ላይ ያልፋል። ይህ መንደር ከማዶው ሕዝብ ጋር ይመርጣል ማለት ነው። ከጋራው ወዲያ ያለው የቆላው ክልል ነው። አስተያየት ያለው ይናገር። መመሪያው ሕዝቡ ይሰማ ይላል።"

ነገሩ ይኸው ነበር። ዝም ብንል ኖሮ ያልቅ ነበር።

የማዶው ሽማግሌ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ጢሙን እያሻሸ ሳቀ። "ሸጋ ነው! እኔስ ድሮ ብዬ የለም? ወሰኑ ጋራው ነው። እስከ ጋራው የኛ ነው።"

አያቴ ተነሣ። የሚናገር መስሎን ነበር፤ ግን ወደ ቤት ሄደ። ሹሙ "አባት ተቆጡ እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶ አያቴ ተመለሰ። ኩታዋን ለብሷታል! ብል የበላት ነጭ ኩታ፣ በወገቡ አደግድጎ፣ ዱላውን ይዞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ። እንደዚያ ሲራመድ አይቼው አላውቅም፤ የኔ አያት እንደዚያ ወጣት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት።

"ምነው አያ!" አለ የማዶው ሽማግሌ። "ኩታህን ብል ጨርሷታል። ከነብሉ ነው የምትሟገተኝ?"

"ብሉማ የበላት ያንተን እማኝ ስትጠብቅ ነው።"

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። የማዶው ሽማግሌም ሳቀና ተነሥቶ እሱም ጋቢውን አደገደገ። ሁለቱ በካርታው ግራና ቀኝ ቆሙ። ሹሙ መሐል ቀረ።

"ዳኛው!" አለ አያቴ። "'እስከ ጋራው የኛ ነው' ሲል ሰምተሃል። ይያዝልኝ።"

"አባት፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም።"

"ዳኛውስ! መስመሩን ማን አሰመረው?"

"እኛ፣ ጎንደር።"

"የት ላይ አረፈ?"

"ጋራው ላይ፤ ነግሬዎታለሁ።"

"ጨፌው ከመስመሩ በየት በኩል ወደቀ?"

"በማዶው በኩል። ግን እኮ አባት፣ ይህ የመሬት ወሰን አይደለም። ጨፌውን ማንም አይነካባችሁም። ድምፅ ከማን ጋር እንደምትሰጡ ብቻ ነው የሚያሳየው።"

"ዛሬ ድምፄን ይወስዳል፤ ነገ 'በመንግሥት ካርታ የኔ ተብሏል' ብሎ ከብቱን ይነዳበታል። አላውቀውምና ነው?"

"ያውቀኛል" አለ የማዶው ሽማግሌ በኩራት። "ደግሞም እነዳበታለሁ!"

አያቴ ዱላውን ወደ ሰማይ አነሣ። "በንጉ..." ብሎ ጀመረና አፉ ላይ ቆመ። ሹሙ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገ። አያቴ ጉሮሮውን ጠራረገና "በአብዮቱ አምላክ!" አለ። ቄሱ ራሳቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ በጥምጥማቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ሹሙ መሳቁም መፍራቱም አንድ ላይ መጣበት መሰለኝ፣ ካርታውን ማየት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ሹሙ አያቴን ማስቆም አልቻለም። አያቴ ለዚያ ቀን ብሎ ያስቀመጠውን፣ ሳይናገረው የተሰረዘበትን ሁሉ ተናገረ። የአባቱን አባት ጠቀሰ፣ ወሰን ላይ የተተከለውን ግራር ጠቀሰ፣ የበሰበሰውን ጉቶ ሄዶ በዱላው አሳየ። ቄሱን በእማኝነት ጠራ። ቄሱም ቀስ ብለው "እንግዲህ እኔ የማውቀው ታቦታችን ለጥምቀት እስከ ወንዙ ይወርዳል፤ ወንዙን አይሻገርም" አሉ። ያን ጊዜ የኛ መንደር አንድ ሆኖ "አዎ! አዎ!" አለ። የማዶው ሽማግሌም አልተኛም፤ የሱንም እማኞች አስነሣ። ፀሐይዋ ዞረች፤ ሹሙ ላቡን ጠረገ፣ ውኃ ለመነ፣ ሰዓቱን አየ። ወደ ማታ ገደማ "የዚህ መንደር ነዋሪ፣ ወሰኑ ወንዙ ይሁን የሚል እጁን ያንሣ" አለ። ሁሉም አነሣ። እሱም ላጲሱን አውጥቶ ጋራው ላይ የነበረውን መስመር አጠፋ፤ በቀይ እርሳስ ወንዙን ተከትሎ አዲስ አሰመረ፤ እኛም ወደ ቆላው ክልል ዞርን።

እልልታው ከመቅለጡ በፊት ከሴቶቹ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። እህቴ ነበረች። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"እኔ ልጠይቅ።"

"ጠይቂ እህት" አለ ሹሙ፣ ካርታውን እየጠቀለለ።

"መስመሩ ወንዙ ላይ ከሆነ ድልድዩ የማን ይሆናል?"

ሹሙ መጠቅለሉን አቆመ። ያላሰበበት ነገር መሆኑ ታየኝ። "እሱ እንግዲህ..." አለ፣ "ከሚመለከተው አካል ጋር እየተነጋገሩ..."

የቀረውን ማንም አልሰማም። እልልታው ሸፈነው። አያቴ ተደፍቶ ጨፌውን ሳመ። የማዶው ሽማግሌ መጥቶ ጨበጠውና "ዛሬስ ረታኸኝ፤ ወንድ ነህ" አለው። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አጨበጨብሁ። ሁሉም አጨበጨበ። እህቴ ብቻ ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ነበር።

ማታ ቤት ውስጥ "አባባ፣ ድልድዩስ?" አለችው አያቴን፣ ደግማ።

"ልጄ፣ ብረቱ እኮ መጥቶ ተከምሯል። የመጣ ብረት የት ይሄዳል?"

ብረቱ ሄደ። እኔ ወደ ትምህርቴ ከተመለስሁ በኋላ ካሚዮኑ መጥቶ ብረቱንም ግንዱንም ጭኖ በማዶው ክልል ውስጥ ወዳለ ሌላ ወንዝ ወሰደው። የማዶው ሽማግሌ ወንዙ ዳር ድረስ ወርዶ አያቴን ጠራውና "አያ፣ እኛ አይደለንም፤ ታዘን ነው። ከክልላችን ውጭ ላለ ሕዝብ አትሥሩ ተባልን" አለው። እናቴ እንደነገረችኝ አያቴ ፊቱን አዙሮ ዳገቱን ወጣ። ቤት ገብቶም "ከክልላችን ውጭ፣ ከክልላችን ውጭ" እያለ ብቻውን ሲያወራ አመሸ። የቆላው ክልል ዕጩ ደግሞ የኛን መንደር በካርታ ላይ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም፤ ገደሉን ወጥቶ የሚመጣልን ብረት አልነበረም።

እናቴ "ወንዙ ሳይሞላ ልጅቱ ጎንደር ትውረድ" አለች። አያቴም እሺ አለ። ግን ያኔ ከገበሬ ማኅበር የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ኬላ አያልፍም፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ ምርጫ ላይ ነው። ዛሬ ቆላ ወርዷል፣ ነገ ስብሰባ ነው፣ ከምርጫው በኋላ ኑ ይባላል። ምርጫው ደረሰ። የኛ ሰዎች ሙግት የረቱ ሰዎች ናቸውና ገደሉን ወርደው፣ በሙቀት ተቃጥለው፣ ፊታቸውን ለማያውቋቸው ሰውዬ በሥዕል ምልክት ድምፅ ሰጡ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ዝናብ ያዛቸው። በዚያ ዓመት ክረምቱ ቸኩሎ ገባ። ሊቀመንበሩ ይለፉን ፈርሞ በሰጠ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስመጣ እኔ ራሴ የተሻገርሁት ውኃው ትንሽ ጎደል ባለበት ሰዓት፣ ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ይዘውኝ ነው። እህቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሆዷ ገፍቷል፣ እግሯ አብጧል።

"እንዴት ነው ውኃው?" አለችኝ፣ ሳትስመኝ።

"ይጎድላል" አልኋት።

"ሲጎድል አይቼው አላውቅ።"

ምጧ ከቀኗ ቀድሞ መጣ። ጠዋት ነበር። ወንዶቹ ቃሬዛ አበጁ፤ ተሸክመዋት ወደ ወንዙ ወረዱ፤ እናቴና እኔ ከኋላ። ዝናቡ ቆሟል፤ ፀሐይም ወጥታለች፤ ወንዙ ግን ከላይ አገር የዘነበውን ይዞ እየጮኸ ይሄዳል። ድንጋዮቹ አይታዩም። ቃሬዛውን ጨፌው ላይ አሳረፉት።

የማዶው ሽማግሌ ከቤቱ ሆኖ አይቶናል። ከልጆቹ ጋር እየሮጠ ወረደ። ያን የሚያህል ሽማግሌ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። በውኃው ጩኸት ላይ "አያ! አያ! ልጅቱን ስጠን!" ይላል።

"በምን ልስጥህ?" ይላል አያቴ።

"ጠፍር እንወረውራለን! ያዙ!"

ጠፍሩ አልደረሰም። ደጋግመው ወረወሩ፤ ውኃው ይበላዋል። ትልቁ ልጁ ጠፍሩን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ፤ ወንዙ አነሣውና ከታች ቋጥኝ ላይ አላተመው፤ ወንድሞቹ ጎትተው አወጡት። የማዶው ሽማግሌ ሌላውን ልጁን ይዞ "ግባ!" አለው። አያቴ ይህን ሲያይ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ተው! ተው! ልጅህን አትፍጅ! ይብቃ!" ብሎ ጮኸ።

እህቴ እጄን ይዛ ነበር። ከላይ ሰማዩን ታያለች። ከንፈሯን ነክሳ ነው እንጂ አትጮኽም። እናቴና ሌሎቹ ሴቶች በነጠላ ከለሉን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትደርስ እዚያው፣ ጨፌው ላይ ነበርን። ልጁ ወጣ፤ ወንድ ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም። እናቴ ገልብጣ መታችው፣ አፉን በአፏ ሳበች፣ ውኃ ረጨችው። ከዚያ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ከነጠላው ውጭ የቆሙት ወንዶች ሳይነገራቸው ዐወቁ። ከማዶ "ምን ሆነች?" የሚል ጥሪ ይመጣል። ሹሙ ካርታውን የዘረጋበት ቦታ ከእኛ ብዙ አይርቅም ነበር።

የእህቴ ደም አልቆም አለ፤ ውኃው ጎደል ሲል አሻግረው በመንገዱ በኩል ጎንደር አደረሷት። ሆስፒታል ውስጥ ቀደዷት፤ ተረፈች። ማኅፀኗ ግን እንደወጣ፣ ከእንግዲህ እንደማትወልድ ሐኪሙ ለአክስቴ ነገራት። አክስቴ ሆስፒታሉ ውስጥ ጽዳት ስለምትሠራ እስክታገግም እኛ ክፍል ትሁን አለች። አልጋውን ለሷ ለቀን እኛ መሬት ላይ ተኛን። ለባሏ ማን እንደሚነግረው፣ ያለበትም የት እንደሆነ፣ አናውቅም ነበር።

ጥቅምት ላይ አያቴ መጣ። ብቻውን አይደለም፤ የማዶው ሽማግሌ አብሮት ነው። እንደ ድሮው አብረው ወርደዋል። ልብሳቸው አቧራ ነው፤ ስንቃቸውን በአንድ አቁማዳ ይዘዋል። አያቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እህቴ ረጅም ጊዜ አየችው።

"ጨፌውን በደንብ አየሁት አባባ" አለችው። "እዚያ ተኝቼ አየሁት። ሸጋ ጨፌ ነው።"

አያቴ አንገቱን ደፋ። የማዶው ሽማግሌ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ከዚያ አያቴ አቁማዳውን ፈታና ኩታዋን አወጣ። "ልጄ፣ ያ ካርታ ይዞ የመጣው ሰውዬ ያለበትን ቢሮ ታውቂዋለሽ? ምሪን" አለኝ።

ቢሮው ደጃፍ ላይ ሁለቱም አደገደጉ። ሹሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ያው ወጣት፣ ያው ካኪ። እኔ በሩን ይዤ ቆምሁ። ሁለቱ ከጠረጴዛው ፊት ግራና ቀኝ ሆኑ፣ ልክ እንደዚያን ቀን።

"ዳኛው" አለ አያቴ፣ "ባለፈው ረትቼ ነበር።"

ሹሙ አስታወሰው፤ ፈገግ አለ። "አዎ አባት፣ አስቸግረውኝ ነበር!"

"ተረትቻለሁ። ባላጋራዬ ይኸው። እሱ ፊት ልበለው ብዬ መጣሁ። ወሰኑ ጋራው ነው። ጨፌውም የሱ ነው።"

"እኔ ጨፌ አልፈልግም" አለ የማዶው ሽማግሌ። "ረታሁም አልል። መስመሩን ብቻ ወደ ነበረበት መልሱልን። ተስማምተናል።"

የሹሙ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ። እኔን አየኝ። ነገሩን ነገርሁት፤ ስለ ብረቱ፣ ስለ እህቴ፣ ስለ ጨፌው። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"እግዜር ያጽናችሁ" አለ ዝቅ ብሎ። ካድሬ እግዜር ሲል መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። "ግን አባቶቼ፣ ምን ልበላችሁ? ክልሉ ጸድቋል፤ የተመረጡት ሸንጎ ገብተዋል። እስከሚቀጥለው ምርጫ አይነካም። አሁን ደግሞ ክፍለ ሀገሩ ራሱ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ሊከፈል ነው። ያኔ ከማን ጋር እንደምትደለደሉ እኔም አላውቅ።"

"ተረትቻለሁ እያልሁህ!" አለ አያቴ።

"ማን ረታዎት? ከሳሽ የለም፣ ተከሳሽ የለም። ጉዳይ የለም እኮ አባት። መስመር ነው።"

አያቴ አልገባውም። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ሙግት፣ የረታ ሰው "ይቅርብኝ" ካለ የሚዘጋ ነገር ነው። ፍርዱ እንዲነበብለት እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። የማዶው ሽማግሌም ቆመ። ሹሙ ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። በመጨረሻ አያቴ ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የዚህ ይግባኝ ለማን ነው?" አለኝ። በሩን ከፈትሁላቸው።

ወደ ማራኪ ስንመለስ ሁለቱም ያደገደጉትን አልፈቱም። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። እኔ ከፊት እየሄድሁ አልፎ አልፎ ዘወር እላለሁ፤ የማዶው ሽማግሌ የአያቴን ዱላ ይዞለታል።

ስንገባ እህቴ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አየቻቸው፤ ኩታዋንም አየች።

"ማን ረታ?" አለች።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። መጀመሪያ ዓይኑን ሰብሮ መሬቱን ያየው አያቴ ነው።